የነርሷ ሂሳብ ቢሉ ላይ የት ገባ?

አሜሪካ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው የክፍያ ቢሉ ሲመጣለት ግራ ይገባዋል። ዶክተሩ ለብቻው አስከፍሏል፣ መድኃኒቱ አለ፣ ራጁም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስ ያደረችው ነርስ ግን የለችም። አለች! «ሩም ኤንድ ቦርድ» በሚለው የአልጋ ሂሳብ ውስጥ ገብታ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። አንዱ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፣ ቁስሉ ይታጠባል፣ ግሉኮሱ ይቀየርለታል፤ ጎኑ ያለው ደግሞ ራሱን ችሎ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ግን ዋርዳቸው (የተኙበት የሆስፒታል ክፍል) አንድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአልጋ ዋጋቸውም አንድ ነው።

ታዲያ የነርስ ወጪ እንዴት ይሰላል? በሰዓት ነው። ካሊፎርኒያን እንይ። እዚያ አንድ ነርስ በተለመደው የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ዋርድ ከ5 በላይ፣ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ከ2 በላይ ታካሚ እንዳትይዝ በሕግ ተወስኗል። 24 ሰዓትን ለ5 አካፍሉት፤ ለአንድ ታካሚ በቀን 4.8 የነርስ ሰዓት ይደርሰዋል። ለ2 ሲሆን 12 ሰዓት። ለስሌት ያህል የሰዓቱን ክፍያ 60 ዶላር ብንለው ዋርድ 288፣ አይሲዩ 720 ዶላር ይመጣል። ይህ ደሞዝ ብቻ ነው፤ የእረፍት ክፍያው፣ ኢንሹራንሱ፣ የኃላፊዋ ደሞዝ ገና አልተደመረም።

ስለዚህ ቢል ሲደርሳችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ። መብታችሁ ነው። የአልጋው ቀናት ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ፣ ክፍሉ ዋርድ ይሁን አይሲዩ በየቀኑ አይታችሁ አመሳክሩ።