የኢትዮ–ጂቡቲ ምድር ባቡር እና የአየር ንብረት ለውጥ

የኢትዮ–ጂቡቲ ምድር ባቡር ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ በኩል ጂቡቲ ወደብ የሚደርስ፣ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በፉሪ ለቡ ጣቢያ ተመርቆ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የንግድ አገልግሎት ይሰጣል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ኪሎ ቮልት የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ መስመሩን ከሚያስተዳድረው አክሲዮን ማኅበር 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጂቡቲ ነው።

ድሬዳዋ እስከ ዛሬ «ሸመንደፈር» እያለች በፍቅር የምታነሣው አሮጌው መስመር፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ኋላም በናፍጣ ሠርቷል። በዚያ ዘመን ስለ ጭስ የሚጨነቅ አልነበረም፤ መሐንዲሶቹ ግን ከቆላው ጠባይ ጋር መስማማትን ያውቁበት ነበር፤ ምስጥ ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፈውን እንጨት (አግዳሚ) እንዳይበላው ሐዲዱን በብረት አግዳሚ ላይ ማሳረፋቸው ለዚህ ምስክር ነው።

አዲሱ መስመር የበካይ ጋዝ ልቀትን የሚቀንሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የኤሌክትሪኩ ምንጭ ነው፤ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ስለሆነ፣ ሎኮሞቲቩ ጭስ የማያወጣውን ያህል ከጀርባው ያለው የኃይል ማመንጫም እምብዛም አያወጣም። ሁለተኛው ጭነትን ከመኪና ማንሣቱ ነው። አንድ የጭነት ባቡር እስከ 3,500 ቶን እንዲጎትት የታቀደ በመሆኑ፣ አንድ ተሳቢ መኪና 40 ቶን ይጭናል ቢባል አንዱ ባቡር ከ85 በላይ ተሳቢዎችን ከመንገድ ያስቀራል። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ ካልተገታ እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል የተባለውን የአገሪቱን ዓመታዊ ልቀት ከ150 ሚሊዮን ቶን እንዳይበልጥ ለማድረግ ሲያቅድ፣ የኤሌክትሪክ ባቡርን ከዋና መሣሪያዎቹ አንዱ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የአገሪቱ ነዳጅ ዛሬም በአብዛኛው የሚጓጓዘው በቦቴ ነው፤ ናፍጣን ለማመላለስ ናፍጣ ይቃጠላል ማለት ነው።

ሎኮሞቲቮቹ ቁልቁል ሲወርዱ ሞተራቸው እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ወደ ሽቦው ሊመልስ ይችላል። መስመሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ እስከ ባሕር ጠለል የሚወርድ በመሆኑ ይህ ትልቅ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ከባዱ ጭነት፣ ማለትም ከውጭ የሚገባው ስንዴ፣ ማዳበሪያና ኮንቴይነር፣ የሚጓዘው ሽቅብ ሲሆን ወደ ወደብ የሚወርዱት ፉርጎዎች ቀላል ወይም ባዶ ናቸው። ስለዚህ በቁልቁለቱ የሚመለሰው ኃይል በዳገቱ ከሚበላው ጋር አይመጣጠንም።

መስመሩ ከአየር ንብረት ጋር ያለው ግንኙነት የጀመረው ገና ሳይመረቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት የተከሰተው ድርቅ አገሪቱን ሲመታ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታው ስላላለቀ የእርዳታ እህል ከጂቡቲ ለማምጣት በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ተሰማርተው ነበር። ያው ድርቅ የባቡሩን ኃይል ራሱን ሊነካ ይችላል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የውሃ መጠን በመቀነሱ መብራት በፈረቃ ሆኖ እንደነበር ይታወሳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይህን ስጋት በእጅጉ እንደሚያቀልለው አያጠራጥርም፤ እርሱም ቢሆን በደጋው ክረምት ላይ የቆመ ነው።

ሙቀት ሌላው ፈተና ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ የራሱ ሙቀት በ50 ዲግሪ ሲለዋወጥ፣ የሚይዘው ባይኖር 57 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝም ወይም ያጥር ነበር፤ በአፋርና በጂቡቲ በረሃ ፀሐይ የመታው ብረት ከአየሩ እጅግ የበለጠ ይግላል። ሐዲዱ እንዳይጎብጥ የሚይዙት አግዳሚውና በዙሪያው የተነጠፈው ጠጠር በመሆናቸው፣ ጎርፍ ጠጠሩን የጠረገበት ቦታ በሙቀቱም ወቅት አደገኛ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የመተሐራው የበሰቃ ሐይቅ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ አውራ ጎዳናውንና አሮጌውን ሐዲድ በመክበቡም ሁለቱ የተዘረጉበትን ድልድል (ከፍ ተደርጎ የተደለደለ አፈር) ደጋግሞ ከፍ ማድረግ አስፈልጓል። ስለ መንሥኤው ሊቃውንት አይስማሙም፤ አንዳንዶች ከአባድርና ከመተሐራ እርሻዎች የሚሰርገውን የመስኖ ውሃ፣ ሌሎች የፈንታሌ አካባቢ እሳተ ገሞራዊ መሬት የሚያቀብለውን የከርሰ ምድር ውሃ ያነሣሉ። የአየር ንብረት ለውጥ ድርሻ አለው የሚሉ ቢኖሩም ዋናው ምክንያት እርሱ ነው ለማለት ያስቸግራል። ውሃው በመጠን ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ቦይ ተቆፍሯል፤ ነገር ግን አብዝቶ መልቀቅ በታችኛው ተፋሰስ ያለውን እርሻ በጨው ይጎዳል። ሐይቁ ለማንኛውም የባቡር መሐንዲስ የሚነግረው ነገር ግልጽ ነው፤ የድልድል ከፍታ የሚወሰነው መስመሩ ሲሠራ በነበረው የውሃ ልክ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ባቡር የወለዳት ድሬዳዋ ደግሞ የጎርፍን ጉልበት በሚገባ ታውቃለች። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናቡ የሚዘንበው በደጋው ስለሆነ በከተማው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። በቆላው ሐዲዱን የሚያቋርጡ ብዙ ደረቅ ወንዞችም ጠባያቸው ይኸው ነው፤ ድልድይና የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ከክረምት በፊት ደለሉ ካልተጠረገለት ውሃው በራሱ መንገድ ሐዲዱን ይቆርጣል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን እርሱም በኤሌክትሪክ ይሠራል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 392 ኪሎ ሜትር መስመርም ለኤሌክትሪክ የታቀደ ነው፤ የወሎን ተራሮች ስለሚያቋርጥ ከጎርፍ በተጨማሪ የመሬት መንሸራተት ያሰጋዋል።