ታይገር ሲሞት መስመሩን፣ ሰው ሲሞት ስሙን

«ሀሪማው ማቲ መኒንጋልካን በላንግ፣ ጋጃህ ማቲ መኒንጋልካን ጋዲንግ፣ ማኑሲያ ማቲ መኒንጋልካን ናማ።»

አባባሉ የማላይኛ ነው። «ታይገር ሲሞት መስመሩን ትቶ ይሄዳል፤ ዝሆን ሲሞት ጥርሱን ትቶ ይሄዳል፤ ሰው ሲሞት ስሙን ትቶ ይሄዳል» ማለት ነው። በማሌዢያም በኢንዶኔዢያም የማያውቀው ሰው አይገኝም። እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የምንለው ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔን ማለፍ የከለከለኝ ሦስቱም ሐረጎች ውስጥ የተቀመጠው «ማቲ» የሚለው ቃል ነው።

አማርኛ ተናጋሪ «ማቲ» ሲባል ወዲያው «ሞተ» ትዝ ይለዋል። ዐረቡም «ማተ» ይላልና ዝምድና ያለ ይመስላል። ግን የለም። ማላይኛ ኦስትሮኔዢያን ከሚባለው ሰፊ የቋንቋ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ 1,200 ገደማ ቋንቋዎች አሉት፤ ጥንት ከታይዋን ተነሥተው በታንኳ ደሴት ለደሴት የተጓዙ ሰዎች ከማዳጋስካር እስከ ሃዋይ አዳርሰውታል። የሞትንም ቃል ይዘውት ሄደዋል። ማዳጋስካር ላይ «ማቲ» ነው፤ በኒውዚላንድ ማኦሪዎችና በሳሞአ «ማቴ»፤ ሃዋዮች ትን ወደ ክ ስለ ለወጡ «ማኬ» ይላሉ። ሊቃውንት የሁሉም እናት ናት የሚሏት ጥንታዊ ቃል «ማትሳይ» ናት። በዚያች ቃል ላይ ደግሞ «ማ» ከፊት የተቀጠለ ነው እንጂ የሥሩ አካል አይደለም። «ማ» ሲቀድም መሞት፣ «ፓ» ሲቀድም መግደል ይሆናል። ፊሊፒንስ ውስጥ በታጋሎግ ዛሬም «ፓታይ» የሞተ ነው፣ «ፑማታይ» መግደል ነው። ማዳጋስካሮች ፕን ፍ አድርገው ሬሳን «ፋቲ» ይሉታል። የእኛ «ሞተ» ግን ያለ «መ» ሊቆም አይችልም፤ «መ» የሥሩ የመጀመሪያ ፊደል ነው። ዘመዳሞች ቃላት ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ይቀራረባሉ፣ እነዚህ ሁለቱ ይራራቃሉ። እውነተኛውን የ«ሞት» ዘመድ ማላይኛ ውስጥ የሚፈልግ ግን ያገኘዋል፤ ከእስልምና ጋር ከዐረብኛ የገባው «ማውት» ነው። ባዕዱ «ማውት» የሥጋ ዘመዳችን፣ የአገሩ «ማቲ» ደግሞ መልኩ ብቻ የሚመስለን ሆነው ጎን ለጎን ይኖራሉ።

«ማቲ» ሰው ላይ ብቻ የሚውል ቃል አይደለም። ኢንዶኔዢያ ውስጥ መብራት ሲጠፋ «ማቲ ላምፑ» ይባላል፤ የቆመ ሰዓት ሞቷል፤ ተነባቢ ፊደል እንኳ «የሞተ ፊደል» ነው፣ አናባቢው «ሕያው» ሆኖ። ታጋሎግ ተናጋሪ «መብራቱን አጥፋ» ሲል ቃል በቃል «ግደለው» እያለ ነው። ማዳጋስካርም እንዲሁ «ቩኑይ ኒ ጂሩ» ይላል፣ «መብራቱን ግደለው»። ይህ የመግደል ግሥ ከማላይኛው «ቡኑህ» ጋር አንድ ሥር አለው።

ለአምፖልና ለሰዓት የሚባል ቃል ለአባት አይባልም። እኛም በሬ በከተ እንላለን፤ ሽማግሌን ግን አረፉ፣ ካህንን ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በኢንዶኔዢያ የጃቫ ደሴት ሰዎች ይህን እጅግ ያራቀቁት ናቸው፤ ለእኩያ «ማቲ»፣ በአክብሮት ንግግር «ፐጃህ»፣ ለተከበረ ሰው «ሴዳ»። ማላይኛ ለሰው የሚመርጠው «መኒንጋል» የሚለውን ነው። ትርጉሙ «ትቶ ሄደ» ነው፤ ዓለምን ትቶ።

አሁን አባባሉን መልሳችሁ አንብቡት። ሰው ከታይገርና ከዝሆን ጋር ተሰልፎ «ማቲ» ተብሏል፣ ያለ ምንም ክብር። ቀጥሎ የመጣው ቃል «መኒንጋልካን» ነው፣ «ይተዋል»። ለሰው በክብር የሚነገረው የሞት ቃል ያ ራሱ ነው። ክብሩ ከመሞቱ ላይ ተነሥቶ ትቶት በሚሄደው ነገር ላይ ተቀምጧል። ይህን ያየሁ ቀን አባባሉን ደጋግሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ታይገርን «ነብር» ብዬ ያልተረጎምኩት በምክንያት ነው። ኤርምያስ «ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» ያለው የእኛው ባለ ነጠብጣቡ ነው። ታይገር ባለ መስመር ነው፣ መስመሩም ጠጉሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጠጉሩ ቢላጭ ቆዳው ላይ ይታያል። ገላ ፈርሶ ቆዳው ሲቀር የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የዝሆኑ ጥርስ ግን ሌላ ነገርም ያስታውሰኛል፤ እነዚሁ ሰዎች «ጋጃህ ማቲ ካረና ጋዲንግኛ» ይላሉና፣ «ዝሆን የሚሞተው በጥርሱ ምክንያት ነው»። የሚቀርልህ ነገር የሚያስገድልህም ሊሆን ይችላል።

ሰውና ስም የሚሉት ቃላት፣ «ማኑሲያ» እና «ናማ»፣ ከሕንድ ከሳንስክሪት የመጡ ናቸው። «ናማ» እንደ እኛው «ስም» መጠሪያም ዝናም ነው። የሚቀረው ስም ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን አባባሉ አይናገርም። ለዚህ በዛሬዋ ማሌዢያ ደቡብ የሚገኘው የጆሆር ሱልጣን የነበሩት ማሕሙድ ይጠቀሳሉ።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። የባሕር አዛዡ ሚስት ዳንግ አኑም ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ለዘመቻ በሄደበት ወቅት ከንጉሡ አትክልት የተቆረጠ ናንግካ የሚባል ፍሬ አማራት፤ አንዲት ቁራጭ ሰጧትና በላች። ሱልጣኑ ያለ ፈቃዴ በላች ብሎ ተቆጣ። ጽንሱ ነው ያማረው ስትል ሆዷ ተቀድዶ ይታይ አለ። ባሏ ተመልሶ ሰማ፤ ሱልጣኑ ለዓርብ ጸሎት በሰው ትከሻ ተይዞ ሲሄድ በመንገድ ላይ ወጋው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1699 ነው።

ሕዝቡ «ዲቡኑህ» አላለም፣ «ተገደለ» ማለት ነውና። ለነገሥታት ብቻ የሚነገረውን «ማንግካት» ወሰደና «ማንግካት ዲጁላንግ» ብሎ ሰየመው፤ «በትከሻ እንደ ተያዘ ያረፈው»። ሱልጣኑ አልጋ ወራሽ ልጅ አልነበረውም፤ ዙፋኑ ወደ ሌላ ቤተሰብ ዞረ። ኮታ ቲንጊ አጠገብ፣ ካምፑንግ ማካም በሚባለው መንደር ዛሬም መቃብሩ አለ፤ የመንደሩ ስም ራሱ «መቃብር» ማለት ነው። ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች መቃብሩን የሚጠሩት በዚያው በአሟሟቱ ስም ነው።