«ባለቤት የሌለው ቦታ» ምንድን ነው?

ጎንደር ሃይስኩል ስማር ሽንት ቤት ብቻውን የሚሄድ ልጅ አልነበረም። ሁለት ሦስት ሆነን ነበር የምንሄደው። ያኔ መምህሮቻችንን «ግቢው ሰላም ነው?» ብትሏቸው «በጣም ሰላም ነው» ይሏችሁ ነበር። እየዋሹ አይደለም። እነሱ የሚያዩት ክፍሉን፣ የመምህራን ማረፊያውንና በር ላይ የሚፈትሸውን ጥበቃ ነው፤ እኛ ደግሞ የተቀረውን ግቢ።

ይህን ልዩነት የሚያስረዳ አንድ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ ሮን አቪ አስተርና ባልደረቦቹ የ5 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ካርታ ለተማሪዎችና ለመምህራን ሰጥተው፣ ጠብ የተነሳበትን ቦታና ሰዓት ምልክት አድርጉበት አሏቸው። ምልክቱ የተከማቸው ኮሪደር፣ መመገቢያና መኪና ማቆሚያ ላይ ነበር፤ ማለትም አዋቂ በማይገኝበት፣ «ይሄ የኔ ኃላፊነት ነው» የሚል ሰው በሌለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ ይህን «ባለቤት የሌለው ቦታና ሰዓት» ብለው ጠሩት።

እኛ ጋ መኪና ማቆሚያው ቀርቶ ሽንት ቤቱ፣ የብሎኩ ጀርባና የአጥሩ ጥግ አለ። ሰዓቱን ደግሞ በፈረቃ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። 6 ሰዓት አካባቢ የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፣ መምህራኑ ምሳ ናቸው፣ በሩ ላይ ግፊያ ነው፣ ቂም የያዘም የሚጠብቀው ያንን ሰዓት ነው። ሴቶቹ ላይ ለከፋው የሚጀምረውም እዚያው ነው፤ አንዳንዴ ባጃጅ እስኪይዙ ድረስ ይከተላቸዋል።

መምህሩ ለምን አይሰማም? የሚነግረው ስለሌለ ነው። የተናገረ ልጅ «አሳባቂ» ይባላል፣ ያ ስም ደግሞ እስክትመረቅ አይለቅህም። ደፍሮ የነገረም ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው «አንተስ ምን አድርገኸው ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ሁለተኛ አይመጣም። አለንጋ የያዘ መምህር ጋ ደግሞ ማንም ችግሩን ይዞ አይሄድም፤ ለነገሩ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። መምህራኑም ቢሆኑ ይፈራሉ። ተደባዳቢ መሃል ገብቶ ቢመታ ማን ከጎኑ ይቆማል? ይህን ማንም በግልጽ አልነገራቸውም።

ፍተሻ ጥሩ ነው፤ ግን በሩን እንጂ የብሎኩን ጀርባ አይጠብቅም። በዚያ ጥናት ተማሪውም መምህሩም ከሁሉ ይሠራል ያሉት ተማሪዎቹን የሚያውቅና ጣልቃ ለመግባት ፈቃደኛ የሆነ መምህር በቦታው መገኘቱን ነው፤ ከኋላው ደግሞ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ግልጽ ደንብ ካለ። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የግቢውን ንድፍ በወረቀት አባዝቶ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ ለተማሪውም ለመምህሩም ማደል፣ ጠብ የሚነሳበትን ቦታና ሰዓት ምልክት ማስደረግና የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። ወላጆችም ለወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ስትጠሩ ስለ ውጤት ብቻ ጠይቃችሁ አትውጡ። 6 ሰዓት ላይ ሽንት ቤቱ ጋ የሚቆመው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ በስሙ።