ከደጅ እስከ እልፍኝ፦ በጋራ የኮምፒውተር ክላስተር ላይ የሚደረግ የተርሚናል ቆይታ

መስተጋብራዊ የተርሚናል ቆይታ ማለት ብዙ ተመራማሪዎች በሚጋሩት የኮምፒውተር ክላስተር ላይ አንድ ተጠቃሚ ለተወሰነ ጊዜ የተወሰነ አቅም ተመድቦለት፣ ትዕዛዝ እየጻፈ መልሱን ወዲያው እያየ የሚሠራበት መንገድ ነው። ክላስተር በፈጣን መረብ የተሳሰሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ ሲሆን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ኖድ ይባላል። ለጎንደር አንባቢ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል፤ ባለጉዳይ በቀጥታ እልፍኝ አይገባም፣ ደጅ ይጠናል፣ ፈቅዶ የሚያስገባውም እልፍኝ አስከልካዩ ነው።

ደጁ መግቢያ ኖድ ነው። ወደዚያ የሚደረሰው በኤስኤስኤች ሲሆን፣ ይህን የተመሰጠረ የግንኙነት ዘዴ ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው በዩኒቨርሲቲው መረብ ላይ የይለፍ ቃል ከተሰረቀ በኋላ ነበር። በደጁ ላይ ፋይል ማረምና ወረፋ መመልከት ይፈቀዳል። ከባድ ስሌት ማስኬድ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያልፉበትን በር መዝጋት ነው፤ በእኔ እምነት ጀማሪ ሁሉ ከትዕዛዞቹ በፊት ሊማረው የሚገባው ይህን ነው።

የእልፍኝ አስከልካዩ ሥራ የወረፋ አስተዳዳሪ ፕሮግራም ድርሻ ነው። በስፋት የሚሠራበት ስለርም (Slurm) መነሻው የአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። ተጠቃሚው ኤስአሎክ (salloc) በተባለው ትዕዛዝ ስንት ኮር (የማስሊያ ክፍል)፣ ምን ያህል ሜሞሪ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ይገልጻል። ብዙ የጠየቀ ብዙ ይጠብቃል። አንድ ወጥመድ አለ፤ በአንዳንድ ክላስተሮች ኤስአሎክ አቅሙን ከመደበ በኋላም ተጠቃሚውን እዚያው ደጁ ላይ ይተወዋል፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ኤስረን (srun) የተባለው ሌላ ትዕዛዝ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመር በፊት ሆስትኔም (hostname) ብሎ ጽፎ ያሉበትን ኖድ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከጎንደር ሆኖ ሩቅ ባለ ክላስተር ለሚሠራ ሰው ዋናው ጉዳይ የመስመር መቋረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቆም ተርሚናሉ ይዘጋል፤ ተርሚናሉ ሲዘጋ ኤስአሎክ የያዘውን አቅም ይለቃል፤ የሦስት ሰዓት ሥራና የግማሽ ቀን ወረፋ አብረው ይጠፋሉ። መድኃኒቱ መስመር ቢቋረጥም ተርሚናልን ክፍት የሚያቆየውን ቲማክስ (tmux) የተባለ ፕሮግራም ወይም ከእርሱ የሚቀድመውን ስክሪንን (screen) አስቀድሞ መግቢያ ኖድ ላይ ከፍቶ፣ ኤስአሎክን በውስጡ ማስጀመር ነው። መስመሩ ቢበጠስም ሥራው በክላስተሩ ላይ ይቀጥላል፤ መብራት ሲመለስ ካቆሙበት ይገናኛሉ። ክላስተሩ ብዙ መግቢያ ኖዶች ካሉት ቲማክስ የተከፈተበትን ስም መጻፍ አይረሳ፤ በሌላ በር የገባ ሰው ሥራውን ፈልጎ አያገኘውም።

ሰዓቱም ያሳስታል። ብዙ ሰርቨሮች ዓለም አቀፉን ሰዓት ይከተላሉ። ከዚያ ላይ ሦስት ሲቀነስ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠም 12 ሲቀነስ፣ የእኛ አቆጣጠር ይገኛል፤ ሰርቨሩ 9፡00 ሲል ጎንደር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፣ 18፡00 ሲል ከምሽቱ 3 ሰዓት። የተፈቀደው ጊዜ ሲያልቅ ስለርም ለፕሮግራሙ ምልክት ሰጥቶ፣ አስተዳዳሪው ካልቀየረው በቀር፣ ከ30 ሴኮንድ በኋላ በግድ ያቆመዋል።

የቆይታው ጥቅም በምሳሌ ይታያል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ማሠልጠኛነት የተጀመረ ሲሆን፣ ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚመጡ የካላዛር ሕሙማን የሚታከሙበትና በሽታው የሚጠናበት ማዕከል አለው። ካላዛርን የሚያመጣው ተውሳክ የዘር ቅንብር 32 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። የብዙ ሕሙማንን ናሙና ከዚህ ጋር የሚያስተያይ ተመራማሪ በመስተጋብራዊ ቆይታው አንዱን ናሙና፣ ያውም ቁራጩን ብቻ ወስዶ ይሞክር፤ የፋይል አድራሻው ትክክል መሆኑን፣ ሜሞሪው መብቃቱን፣ አንዱ ናሙና የሚወስደውን ደቂቃ ይመልከት። ከዚያ ኤግዚት (exit) ብሎ ቦታውን ይልቀቅ፤ ባዶውን የተያዘ ኖድ በወረፋ ላለ ሌላ ተመራማሪ የተነፈገ ቀን ነው። ሙሉው ሥራ ኤስባች (sbatch) በተባለው ትዕዛዝ ወደ ወረፋው ይላካል፤ ከዚያ በኋላ ጎንደር ያለው ኮምፒውተር ቢጠፋም ስሌቱ አይቆምም፤ ፕሮግራሙ የሚያትመውም የሥራው ቁጥር በስሙ ላይ ባለበት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።