«ጥርስ ባዳ ነው»

ሰልስት አልፏል። ለቀስተኛው ሳስቷል። አንዱ የሟችን ቀልድ ያነሳል፤ ሐዘንተኛዋ ሳታስበው ትስቃለች። ወዲያው በነጠላዋ አፏን ሸፈን አድርጋ «ምን ላድርግ፣ ጥርስ ባዳ ነው» ትላለች። ባሕር ዳር ውስጥ ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳይሰማው የሚቀር አይመስለኝም።

ባዳ ዘመድ ያልሆነ ሰው ነው። ለቅሶ ይደርሳል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ ጥግ ይዞ ቢጨዋወትም ማንም አይፈርድበትም። ጥርስም ለሆድ እንዲሁ ነው። ሆድ እያረረ እሱ ይገለጣል። «ማሽላ እያረረ ይስቃል» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው፤ ማሽላ ምጣድ ላይ ሲፈነዳ ነጩ ብቅ ይላላ!

የሚገርመው ግን ለዚህ ባዳ የማንሆንለት ነገር የለም። በአካባቢው ገጠር ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ዛሬም አሉ። ድዱ በመርፌና በጥላሸት ሲጠቁር ጥርሱ ሐጫ በረዶ ይመስላል። ዓይን ንጣትን የሚለካው ከጎኑ ካለው ቀለም ጋር አስተያይቶ ነውና ዘዴው ይሠራል። ፍንጭትማ ይዘፈንለታል፤ ሌላ አገር ብሬስ የሚሉትን የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ አስረው ይዘጉታል። ገጣጣ ነው የሚያሳዝነኝ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅጽል ስም ይወጣለታል።

መስታወት ፊት ለሚጨነቅ ሰው አንድ ወሬ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኮኪች የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ማስተካከያ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆን ተብለው የተዛቡ የፈገግታ ፎቶዎችን ለሰው አሳየ። የላይኛዎቹ ጥርሶች መሃል መስመር 4 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሲሸሽ የሙያው ሐኪሞች ነቁበት። ተራው ሰው ልብ አላለውም።

አባባሉን የሚያጠናክርልኝ ግን ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ሥራ፣ የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ ያየውን ጽፏል። የከንፈርን ጫፍ የሚስበው ጡንቻ እንዳዘዙት ይታዘዛል። ዓይን ዙሪያ ያለው ግን የሚነሳው ደስታው የልብ ሲሆን ነው። ባዳው ጥርስ ነው፤ ዘመዱ ዓይን።

ጣና ዳር ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ ቆማችሁ እዩ። ጀማሪው ፎቶ አንሺ «ጥርስ! ጥርስ ይታይ!» እያለ ይጮኻል፤ ከሌሊት ጀምሮ ስትኳኳል የዋለች ሙሽራ ጥርሷን ታሳየዋለች። ልምድ ያለው ካሜራውን ደግኖ ሚዜዎቹን «እስቲ አንድ ቀልድ አውሩ» ይላል።