ነውርን የሚጠይቅ ጥበብ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ጽንሰ ሐሳባዊ ጥበብ ከተሠራው ዕቃ ይልቅ ዕቃው የሚያነሣውን ጥያቄ ያስቀድማል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1917 የወንዶች መሽኛ ለኒውዮርክ ዐውደ ርዕይ ካቀረበ ወዲህ ብዙ ሠዓሊዎች ነውርን የፈተኑት የሚደበቀውን አደባባይ በማውጣት ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ግን ጠንካራው ሥራ ሌላ መንገድ ይዟል፤ የተናቀውን አክብሮ ማስቀመጥ።

ዋናው ምሳሌ መካኒሳ የሚገኘው ዞማ ሙዚየም ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ዞማን እ.ኤ.አ. በ2002 መሥርተው ሙዚየሙን በ2019 ከፈቱ። ኤልያስ ከመርካቶ በሚያገኘው አሮጌ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) በሚሠራው ሥራ ይታወቃል፤ እዚህ ግን ትልቁ ሥራ ቤቱ ራሱ ነው። በከተማችን ብሎኬት መግዣ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያፈርሰው የጭቃ ቤቱን ነው። ዞማ በዚያው ጭቃ ላይ ጌጥ አውጥቶ ሙዚየም ብሎታል።

የጭቃው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ድንጋዩ የተለቀመለት አፈር ከውኃና ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፤ ከዚያ ተከምሮ ለሳምንታት ይቦካል፤ በየመሀሉም ውኃና ጭድ እየተጨመረ ይገላበጣል። ጭዱ ልሞ ጭቃው እንደ ሊጥ ሲሳብ ደርሷል ማለት ነው። ምርጊቱ በስሱ ይደረባል፣ የፊተኛው ሳይደርቅም ሌላ አይጨመርም። በአንዴ ወፍራም አድርጎ የመረገ ሰው ላዩ በፀሐይ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ግድግዳው ይሰነጠቅበታል። የክረምቱን ዝናብ ለመቋቋምም የግድግዳው እግር በድንጋይ ከፍ ማለት፣ ጣሪያውም ወደ ውጭ መርዘም አለበት።

በሰሜኑ ጫፍ ቀጨኔ ጉዳዩ ይከብዳል። ሸክላ ሠሪዎቹ «ቡዳ» እየተባሉ ተገልለው ኖረዋል፤ ምጣዳቸውን የሚገዛው ሁሉ በጋብቻ ሊዛመዳቸው ግን አይፈልግም ነበር። ሸክላቸውን ለኢንስታሌሽን፣ ማለትም ዕቃ በቦታ ደርድሮ ለሚሠራ የጥበብ ሥራ፣ ወስዶ የሠሪዋን ስም የማይጽፍ ሠዓሊ ያንኑ መገለል ይደግመዋል እንጂ አይጠይቀውም።

ተመልካቹን ራሱን የሥራው አካል ማድረግም ይቻላል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሃንስ ሃከ እ.ኤ.አ. በ1970 በኒውዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጣቸውን የሚያሳዩ ሁለት ሣጥኖች፣ አንዱን ለ«አዎ» አንዱን ለ«አይ»፣ አቁሞ፣ የሙዚየሙ ባለዐደራ ስለነበሩት ስለ ኒውዮርክ ግዛት ገዢ ኔልሰን ሮክፌለር ጎብኚዎችን ድምፅ አሰጥቷል። ይህን ዘዴ ሁሉም በሚተዋወቅበት ሰፈር የሚሞክር ሰው አስቀድሞ መወሰን ያለበት ነገር አለ። ሣጥኑ ውስጡን የሚያሳይ ከሆነ ይሉኝታ ይገባበታል፤ ኋላ የሚመጣው የፊተኞቹን አይቶ ወደሞላው ይጨምራል። ይሉኝታውን ራሱን ለማሳየት ለሚፈልግ ይህ ትክክለኛው ምርጫ ነው። የሰዉን የልብ መልስ የሚፈልግ ግን ሣጥኖቹን በመጋረጃ ይከልል፣ ጥያቄውን በቃል ያስነግር፣ ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶች እንዳይቀሩም በወረቀት ፈንታ ጠጠር ያድል። ጠጠሩ መጠኑና ቀለሙ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከተለያየ ማን ምን እንደጣለ ይታወቃል።