«ራም ጨምርበት» ከማለታችሁ በፊት ለኩ

ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፤ ገና ከቦርሳው ሳያወጣ «ይንቀራፈፋል፣ ራም ጨምርልኝ» ይለኛል። ምን ያህል ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) እየተጠቀመ እንደሆነ አይቶ ያውቃል? አያውቅም። ጓደኛው ነግሮት ነው። እዚህ ባህር ዳር ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ብር በከንቱ ሲወጣ ማየት ደግሞ ያንገበግበኛል።

ከራሙ በፊት፣ ሌሎቹን ሳይለኩ የሚባሉ ትንንሽ አባባሎች ቶሎ ልለፋቸው።

«አይ 7 ሁሌም ከአይ 5 ይበልጣል።» አይበልጥም። ሁለቱም የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ናቸው፤ የወጡበትን ትውልድ እዩ። የላፕቶፑ ኮር አይ 7-7500ዩ 2 ኮር (ስሌቱን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኮር አይ 5-8250ዩ ግን 4 አለው።

«ጊጋኸርዙ (የፕሮሰሰሩ ምት በሰከንድ) ከፍ ያለው ይፈጥናል።» የኢንቴል ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ኮር 2 ዱዎ በዝቅተኛ ጊጋኸርዝ አስከነዳው።

«አንዴ ሞክሬው ፈጥኗል።» በግንቦት ሙቀት፣ አቧራ የጠጣ ፋን ያለው ላፕቶፕ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይፈጥናል፤ ከዚያ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ግማሽ ሰዓት አሠሩት፣ ከዚያ ፍረዱ።

«እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል።» ይሄ የፕሮግራመሮች ነው። ያንተ ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ሃምሳ መስመር ነው፤ የደንበኛህ የሁለት ዓመት ሽያጭ ነው። በሱ ልክ ሙላና ሞክር።

አሁን ወደ ራሙ። ራም የሚጠቅመው ሲሞላ ነው። ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይጀምራል፣ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲወዳደር ኤሊ ነው፣ ያኔ ብትጨምሩ ለውጡን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ካልሞላ ግን የጨመራችሁት ባዶውን ይቀመጣል። 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነማ ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀሙንም አይችልም።

አባይ ማዶ መድኃኒት ቤት ያላቸው አንዲት እናት አስጠሩኝ። ራሙን ከ4 ወደ 16 ጊጋ አሳድገዋል፤ ያው ነው። «ልጄ፣ አንድ ደረሰኝ እስኪወጣ በሽተኛው ጥሎኝ ይሄዳል» አሉኝ። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ እንደ ልማድዎ ይሽጡ፣ እኔ ልይ» አልኳቸው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንኩ፣ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እየተጠቀመ እንደሆነ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ተከፈተ። ሜሞሪ 31 በመቶ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) 12። ዲስክ 100፣ ቀይ ሆኖ። የዲስኩን ረድፍ ስጫን ከላይ የመጣው ራሱ የሽያጭ ፕሮግራሙ ነው። ፎልደሩን ከፈትኩ፤ 9 ጊጋ የሚሆን የሎግ ፋይል (ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ተዘርግቷል!

ፕሮግራሙን የሠራላቸው ልጅ ያስረከባቸው የዲበግ ቢልዱን ነበር። ስህተት ለመፈለግ የተሠራው ቢልድ፣ ለእያንዳንዷ ሽያጭ መዓት መስመር ወዲያው ወዲያው ዲስክ ላይ እየጻፈ፣ ዲስኩ ደግሞ መጻፊያ ክንዱ በሰከንድ መቶ ጊዜ እንኳ ቦታ መቀያየር የማይችል አሮጌ ሀርድ ዲስክ። ደወልኩለት። «ፍላሹ ላይ የነበረው እሱ ነው» አለኝ። የሪሊዝ ቢልዱን፣ ለደንበኛ የሚሰጠውን ማለት ነው፣ ላከ፣ ጫንኩት። በስልኬ ሰዓት ስይዝ 14 ሰከንድ ይወስድ የነበረው ደረሰኝ በ2 ሰከንድ ወጣ። ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ) እንዲቀይሩት መክሬያቸዋለሁ፤ ግን ያ ሁለተኛ ነው።

ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ በዲበግ ቢልድ የለካችሁትን ፍጥነት ለማንም አትናገሩ። ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ጂሲሲ ካላዘዛችሁት ኮዱን አያፈጥንላችሁም፤ መነሻው ኦ0 (-O0፣ ማፍጠን የለም) ነው፣ ኦ2 (-O2፣ አፍጥን) በሉት። አንድ ተመራቂ ሁለት አልጎሪዝም አወዳድሮ የጻፈውን አሳየኝ፤ ሁለቱንም በኦ0 ነው የለካው። በኦ2 ስንደግመው አሸናፊው ተቀየረ።

የሚንቀራፈፍ ነገር ሲያጋጥማችሁ ታስክ ማናጀሩን ክፈቱና ሥራውን እየሠራችሁ እዩት። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እንደገና ለኩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደፈወሰው አታውቁም፣ በሚቀጥለው ጊዜም ሁለቱንም ትገዛላችሁ።

የእትዬ ራም እዚያው እንደተሰካ ነው። ሻጩ አልመልስም ብሏቸዋል።